ምስር የምታህል ሸረሪት በቤታችን

ወሩ ጥር ነበር፤ እኛ በምንኖርባት በሜሪላንድ በረዶው በመስኮቱ ደፍ ላይ ተከምሮ፣ የቤቱ ማሞቂያ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ እየተነፈሰ፣ መንኵሰው ከኛ ጋራ የሚኖሩት እናቴ እማሆይ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዳር ተቀምጠው በእንዝርታቸው ጥጥ ሲፈትሉ፣ የ11 ዓመት ልጄ ከቡና ስኒ በማትበልጥና ውስጧን በምታሳይ የፕላስቲክ ኩባያ ላይ አጎንብሳ፣ ትንፋሿ እንዳይደርስባት አፏን በእጇ ሸፍና ትመለከት ነበር። በኩባያዋ ውስጥ ግን ለዓይን የሚሞላ ነገር አልነበረም፤ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የተሞላ ጥቍር አፈር፣ በአንድ ወገን የውሃ ጠብታ የያዘች ትንሽ ክዳን፣ በሌላው ወገን ደግሞ የእርሳስ ውፍረት ያላት፣ አፏ ከውስጥ በአፈርና በሐር ክር የተደፈነ ጕድጓድ ብቻ ነበረች።

«ዛሬም አልከፈተችም፤ ከዘጋች 19 ቀኗ ነው» አለች ልጄ።

እማሆይም እንዝርታቸውን ሳያቋርጡ «ሱባኤ ገብታለቻ! የሱባኤ ሰው ደጁ አይንኳኳበትም። ተዪያት ልጄ፤ ጊዜዋ ሲደርስ ራሷ ትወጣለች» አሏት።

ስለ ታራንቱላ ጫጩት አያያዝ ባለሙያዎች የጻፉትን ብዙ ካነበብሁ በኋላ እንኳ፣ ጥጥ እየፈተሉ ከተናገሩት ከእናቴ ቃል የተሻለ ምክር እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በዚያች በአት ውስጥ የተዘጋችው ፍጥረት ዘር ማንዘሯ በሜክሲኮ አገር፣ በሰላማዊው ውቅያኖስ አቅራቢያ ባሉት በሃሊስኮ፣ በኮሊማና በሚቾአካን ቍጥቋጧማ ተረተሮች የሚኖር ቀይ ጕልበት ታራንቱላ ናት። በሙሉ ዕድሜዋ እግሮቿን በዘረጋች ጊዜ የሰው መዳፍ የምታህል፣ እንደ ከፋይ በጠቈረ ገላዋ ላይ የእግሮቿ አንጓዎች እንደ ፍም የሚቀሉ፣ ግርማ ያላት እንስሳ ናት፤ በጫጩትነቷ ግን ገላዋ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ መልኳም ገርጣ ያለ ሆኖ በሆዷ ጀርባ ላይ አንዲት ጥቍር ነጥብ ብቻ ትታያለች። አርቢዎች ለረዥም ዘመን ብራኪፔልማ ስሚቲ በሚባል የሊቃውንት ስም ሲጠሯት ኖረው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአንድ ስም የሚጠሩት ሸረሪቶች ሁለት ልዩ ልዩ ወገኖች መሆናቸውን አስረድተው፣ በሰው ቤት በብዛት የምትገኘው ሌላዪቱ፣ ብራኪፔልማ ሃሞሪ የምትባለው እንደ ሆነች አሳወቁ። ውበቷ ለራሷ ጠላት ሆኖባት፣ ከዱር እየተለቀመች ስለ ተሸጠች፣ ብርቅ የሆኑ አራዊትና ዕፀዋት ንግድ የሚገዛበት ሳይትስ የተባለው ዓለም አቀፍ ውል ከ1985 ጀምሮ ይጠብቃታል። ስለዚህ ጀማሪ አርቢ ከሻጩ ዘንድ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋዋን ሳይሆን ከየት እንደ መጣች ነው፤ አንዲት እናት በአንድ የእንቍላል ከረጢት ብዙ መቶ ጫጩት የምታወጣ ስትሆን፣ በሰው እጅ የተፈለፈለ እያለ ከዱር የተነጠቀውን መግዛት ለኅሊና የሚከብድ ነገር ነው።

ታራንቱላ የሚለው ስም ራሱ የተዋሰችው እንጂ የራሷ አይደለም። በኢጣልያ ደቡብ ታራንቶ በምትባል ከተማ አካባቢ፣ የሌላ ወገን በሆነች አዳኝ ሸረሪት የተነከሰ ሰው እስኪደክም ካልጨፈረ አይድንም የሚል እምነት ነበረ፤ አውሮፓውያንም ወደ አሜሪካ ምድር ተሻግረው ጠጕራሞቹን ታላላቅ ሸረሪቶች ባዩ ጊዜ የፍርሃታቸውን ስም ይዘው ሄዱና ለነርሱ ሰጧቸው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የተባለችው ሠዓሊ ታሪክ ነው። ይህች ሴት በ1699 ታናሽ ሴት ልጇን አስከትላ ወደ ሱሪናም በመርከብ ተሻገረች፤ በ1705 ባሳተመችውም ታላቅ መጽሐፍ፣ በዘይቱን ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ የምትበላ ሸረሪት ሥላ አሳየች። ሊኔዎስም በ1758 ለዚያች ወገን ከወፍ ጋራ የተያያዘ ስም ሰጣት። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ግን ሸረሪት ወፍ ትበላለች ማለት ተረት ነው ብለው የሠዓሊዋን ቃል ነቀፉ፤ ይህ ክርክር ከብዙ ዓመት በኋላ ሄንሪ ቤትስ የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በአማዞን ወንዝ አገር ወፎች በሸረሪት ተይዘው በዓይኑ አይቶ በ1863 መጽሐፉ እስከ መሰከረ ድረስ ቆየ። ያው ቤትስ የአገሬው ልጆች አንዲቱን ሸረሪት በወገቧ ገመድ አስረው እንደ ውሻ በቤት ውስጥ ሲመሯት እንዳየ ይተርካል። ይህን ለልጄ ባነበብሁላት ጊዜ ስለ ልጆቹ አልሣቀችም፤ «ገመዱ አያማትም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ እንጂ።

ጥያቄዋ ከሐዘን የተነሣ ነበር፤ በዚያች ኩባያ ውስጥ ያለችው ጫጩት ሁለተኛዪቱ ናትና። የመጀመሪያዪቱን የገደልኋት እኔ ነኝ። እንግዳ በጠባብ ቤት አይስተናገድም በሚል የአገር ልማድ ተይዤ፣ ያችን ምስር የምታህል ፍጥረት የዓሣ ማኖሪያ በሚያህል ሰፊ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስገባኋት፤ አየር እንድታገኝ ብዬ ክዳኑን ወንፊት አደረግሁት፤ አፈሩ እንዳይሻግት ብዬ አደረቅሁት፤ እንዳይበርዳትም ብዬ ሣጥኑን ከማሞቂያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አኖርሁት። እያንዳንዱ ነገር በቅንነት የተደረገ ሲሆን እያንዳንዱ ለሞቷ አንድ አንድ ድርሻ አዋጣ። በ13ኛው ቀን ልጄ ስምንቱም እግሮቿ ወደ ሆዷ በታች ተኰማትረው፣ እንደ ተጨበጠ የሕፃን እጅ ሆና አገኘቻት።

ያ የእግር መኰማተር ምን እንደ ሆነ በኋላ የተማርሁት ነው፤ ለጀማሪም ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። የሸረሪት እግር በዋነኞቹ አንጓዎቹ ላይ የሚያጥፍ ጡንቻ እንጂ የሚዘረጋ ጡንቻ የለውም፤ እግሯን የምትዘረጋው ከደረቷ ወደ እግሯ ደሟን በኀይል በመግፋት ነው፤ ይህም ደም እንደኛ በብረት ሳይሆን በመዳብ አየርን የሚሸከም ስለ ሆነ መልኩ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እንግዲህ ውሃ ሲጐድላት ደሟ ያንሳል፣ ደሟ ሲያንስ ግፊቱ ይደክማል፣ ግፊቱም ሲደክም የሚያጥፈው ጡንቻ ብቻውን ይሠለጥንና እግሮቿ በሥሯ ይሰበሰባሉ። የምትተነፍስባቸው ሁለት ጥንድ ሳንባዎችም እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠል በተደራረቡ ስስ ገበሮች የተሠሩ ናቸውና በደረቅ አየር ውስጥ ርጥበቷ በእነርሱ በኩል እየተነነ ይወጣል። ትልቋ ታራንቱላ ወፍራም ልባስና የተጠራቀመ ውሃ ስላላት ድርቀቱን ብዙ ጊዜ ትታገሠዋለች፤ ስስ ቆዳ ለብሳ የምስር ያህል ገላ ለያዘች ጫጩት ግን፣ በክረምት የሜሪላንድ ቤት ውስጥ ማሞቂያ አጠገብ መዋል በበረሓ እንደ መጣል ነው። እግሯ መታጠፍ የጀመረች ጫጩት በጊዜ ከተገኘች፣ ርጥብ ወረቀት በተነጠፈባት ትንሽ ኩባያ ውስጥ አፏ ወደ ርጥበቱ ሆኖ ብትቀመጥ ልትተርፍ ትችላለች፤ እኛ ያየነው ግን ከመሸ በኋላ ነበር።

ሁለተኛዪቱ በመጣች ጊዜ የቤት አሠራሩን ለልጄ ተውሁላት። የቀድሞዋ ሣጥን በምድር ቤት ተቀመጠች፤ በፈንታዋም 100 ሚሊ ሊትር የምትይዝ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ለስልስ መያዣ የምትውል ኩባያ ተመረጠች። ልጄ የመርፌ ጫፍ በእሳት አግላ በኩባያዋ ጎን ከአሥር የሚበልጡ ቀዳዳዎችን በሳች፤ ጫጩት ሸረሪት ደረቷን የሚሸፍነው ጠንካራ ጋሻ ካለፈ ሌላውን ገላዋን አጥብባ ታሳልፈዋለችና፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከዚያ ጋሻ የጠበበ መሆን አለበት። ከዚያም መድኃኒትና ማዳበሪያ ያልነካው የኮኮናት ቃጫ ደቃቅ አፈር በውሃ አርሳ፣ በእጇ ጨምቃ፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሞላችው፤ በእርሳስ ጫፍም ከግድግዳው ጥግ አንዲት ትንሽ ጕድጓድ ጀመረችላት። ጫጩቲቱም በብሩሽ ጫፍ ቀስ ብላ ወደዚያ ስትመራ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳትንቀሳቀስ ቆይታ፣ ከዚያ በኋላ የራሷ ርስት እንደ ሆነ ሁሉ ገባችና በማግሥቱ ጕድጓዱን አጥልቃ ግድግዳውን በሐር ለብጣ አገኘናት። እማሆይ ያን ሐር በማጕያ መስታወት አይተው «ይህችስ ባለሙያ ፈታይ ናት፤ ክሯ ቋጠሮ የለው» ብለው ነበር። በተረታችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባልላት ሸረሪት አየር ላይ ድር የምትዘረጋው ናት፤ የኛዪቱ ግን በክሯ ቤቷን ትለብጥበታለች፣ በደጇም ጥቂት ትዘረጋውና የሚያልፈውን ነፍሳት እርምጃ በእግሯ ጠጕር ታዳምጥበታለች እንጂ ማጥመጃ አትሠራበትም። ስምንት ዓይን ኖሯት ማየቷ ደካማ ሲሆን፣ ዓለምን የምታውቀው በንዝረትና በነፋስ ነው፤ ልጄ አፏን የምትሸፍነው ስለዚህ ነው፤ የኛ ትንፋሽ ለርሷ ዐውሎ ነፋስ ነውና።

ውሃው በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል በአንዱ ወገን አፈሩ ላይ በጠብታ ይፈስሳል፤ የቀረው ወገን ጠፈፍ ብሎ ይቈያል፤ እርሷ ራሷ የሚስማማትን ትመርጣለች። የኩባያው ግድግዳ ውሎ አድሮ ላብ ካላጣ አየሩ ታፍኗልና ቀዳዳ ይጨመራል። ሙቀትን በተመለከተ ሰው ያለ ካፖርት የሚቀመጥበት ቤት፣ ከ20 እስከ 27 ዲግሪ፣ ለርሷም ይበቃታል፤ ከበላይ የሚበራ የማሞቂያ መብራት የሚያደርገው አፈሩን ማድረቅ ብቻ ነው።

በምግብ ነገር ላይ ጥቂት ልቈይ፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት ነውና። ሱቆች ለታራንቱላ የሚሸጡት ሌሊት ሌሊት የሚጮኸውን ቡናማ ፌንጣ ነው፤ ነገር ግን ያደገ ፌንጣ ለጫጩት አራስ ልጅ ፊት እንደ ተለቀቀ በሬ ነው። ገና የተፈለፈለ ደቃቅ ፌንጣ ወይም መብረር እንዳይችል ሆኖ የተራባ የፍራፍሬ ዝንብ ካልተገኘ፣ ከሆዷ የማይበልጥ ቍራጭ ይሰጣታል፤ ልጄ የሞተ ፌንጣ ጭን በወረንጦ ይዛ ከጕድጓዱ አፍ ላይ ታኖርላታለች። መጀመሪያ ይህን ባየሁ ጊዜ አዳኝ አውሬ ጥንብ አይነካም ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ ጫጩቲቱ ግን መብራቱ በጠፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ወጥታ፣ ያን ጭን በሁለት ክራንቾቿ ወግታ፣ እንደ ጐተራ ወዳለችው ጕድጓዷ አስገባችው። ጥርስ አኝኮ የሚበላላት አይደለም፤ የሆዷን ፈሳሽ አፍስሳ ሥጋውን አቅልጣ ትመጠዋለች፣ በማግሥቱም ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የምትበልጥ ደረቅ እንክብል በደጇ ትጥላለች። ያች እንክብልና ያልተበላው ትርፍ ሁሉ ሻጋታና ጥቃቅን ተባይ ሳይጠራ መነሣት አለበት። በ5 ወይም በ6 ቀን አንድ ጊዜ መመገብ ይበቃል፤ ሆዷ ተነፍቶ ማብለጭለጭ ሲጀምር ግን ምግብ ትንቃለች፣ በሯንም ትደፍናለች፤ ያን ጊዜ በርኅራኄ ተነሣሥቶ ሕያው ፌንጣ ጥሎላት የሄደ ሰው ሊገድላት ይችላል፤ ልባሷን በምታወልቅበት ሰዓት ራሷን መከላከል ስለማትችል፣ ለቀለብ የተጣለላት ፌንጣ እርሷን ይቀልባታልና።

የልጄ የትምህርት ቤት ጓደኞች ሲመጡ ሁልጊዜ የሚጠይቁት በእጃቸው ላይ እንድትወጣ ነው፤ ልጄም ሁልጊዜ ትከለክላቸዋለች። ፍርሃቱ የንክሻ አይደለም፤ የአሜሪካ ታራንቱላዎች መርዝ ለአብዛኛው ሰው ከንብ ንድፊያ ብዙ አይርቅም። ይልቁንም ጫጩት ከእጅ ከወደቀች፣ ሆዷ እንደ ውሃ የተሞላ ስስ ከረጢት ነውና ይፈነዳል፤ ለትልቋም ቢሆን ሣጥኗ ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ የሚበልጥ እንዲሆን የሚመከረው ስለዚህ ነው። ከጥቂት ልባስ ቅየራ በኋላም በሆዷ ጀርባ ላይ የሚያሳክክ ጠጕር ይበቅልባታል፤ በተቈጣች ጊዜ በኋላ እግሯ እየጠረገች ትበትነዋለች። ቤትስ በአማዞን የመጀመሪያዪቱን ሸረሪት ገድሎ ያለ ጥንቃቄ ሲያዘጋጃት ሦስት ቀን ተሠቃይቷል፤ ይህ ጠጕር በዓይን ከገባ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ጕዳት ነውና፣ ሣጥን ከፍቶ ፊትን ማስጠጋት፣ እጅንም ሳይታጠቡ ዓይን ማሸት አይገባም። ስለ ወገኖቻቸውም አንድ ነገር ልጨምር፤ በምሥራቅ አፍሪካ ቍጥቋጦ ውስጥ የሚኖሩት፣ ፈረንጆች የዝንጀሮ ሸረሪት የሚሏቸው ታራንቱላዎች፣ ይህ ጠጕር የላቸውም፤ በፈንታው እጅግ ፈጣኖችና ቍጡዎች ናቸው፣ ንክሻቸውም ብርቱ ሕመም አለው። የአገራችን አቅጣጫ ሸረሪት ናት ብሎ በናፍቆት ተስቦ በእነርሱ መጀመር ለጀማሪው አይበጅም፤ እኔም ይህ ናፍቆት ነክቶኝ ነበርና አውቀዋለሁ።

እማሆይ ዳዊት በሚደግሙበት አንድ ማለዳ የሙሴ ጸሎት ከተባለው ከ89ኛው መዝሙር ላይ ቆም ብለው፣ ዘመናችን በሳሬት እንደ ተመሰለ ለልጄ አስረዷት፤ ሳሬት በግእዝ ሸረሪት ማለት እንደ ሆነም ነገሯት። ልጄም «እማሆይ፣ የኔዋ እኮ ሴት ከሆነች ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች» አለቻቸው፤ እውነቷን ነው። የዚህ ወገን ወንዱ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ሚስት ፍለጋ ሲዞር ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ይሞታል፤ ሴቲቱ ግን በዝግታ አድጋ፣ በዝግታ አርጅታ፣ ያሳደጋት ሕፃን ለወግ ለማዕርግ ሲደርስ ልታይ ትችላለች። የታራንቱላ የሩቅ ዘመድ የሆነች አንዲት የአውስትራሊያ ሸረሪት፣ ባርባራ ዮርክ ሜይን የተባሉት ሊቅ በ1974 መከታተል ጀምረው «ቍጥር 16» ብለው የመዘገቧት፣ በአንዲት ጕድጓድ 43 ዓመት ኖራ፣ በ2016 የጕድጓዷ ክዳን በተርብ ተበስቶ ባዶ ሆኖ ተገኘ። እማሆይ ይህን ሰምተው ረዥም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «43 ዓመት በአንዲት በአት!» ብለው አማተቡ። እኔ ግን ያሰብሁት ሌላ ነበር፦ ለሕፃን ልጅ ጫጩት ታራንቱላ የሚገዛ ወላጅ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ ኩባያውን የሚጠብቀው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይወቅ።

በሯ በተደፈነ በ23ኛው ሌሊት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ልጄ ትከሻዬን ነቀነቀችኝ። «አባባ፣ ተነሥ፤ ተገልብጣለች።»

የጕድጓዱ አንድ ወገን ከኩባያው ግድግዳ ጋራ የተጣበቀ ስለ ነበረ፣ በደብዛዛ ብርሃን ከጎን ማየት ይቻል ነበር። ጫጩቲቱ ለዚሁ ባነጠፈችው የሐር ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ እግሮቿን ወደ ላይ ዘርግታ ተኝታ ነበር። የመጀመሪያዪቱ ትዝ አለችኝና እጄ ወደ ብሩሹ ሄደ፤ ልጄ ግን ክንዴን ይዛ «ስትሞት እግሯ ይታጠፋል እንጂ አትገለበጥም፤ ተዋት» አለችኝ። እማሆይ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላችን ቆመው ነበር።

መጀመሪያ የደረቷ ጋሻ በጠርዙ ተሰነጠቀና እንደ ሙዳይ ክዳን ተነሣ። ከዚያ ሆዷን የሸፈነው ቆዳ ተሸብሽቦ ወደ ጫፉ ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ የሆነው እጅግ ቀርፋፋ ነበር፤ በግፊት ትጠነክራለች፣ ታርፋለች፣ ዳግመኛ ትገፋለች፤ እያንዳንዱም እግር ከጓንት እንደሚወጣ ጣት፣ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ከአሮጌው እግር ውስጥ እየተሳበ ይወጣል። የምታወልቀው የውጪውን ልባስ ብቻ አይደለም፤ የክራንቾቿን ሽፋን፣ የጕሮሮዋን ገበር፣ የእነዚያን የሳንባ ቅጠሎች ሽፋን ሳይቀር ታወጣዋለች፤ የተቈረጠ እግር ቢኖራት እንኳ በዚህ ጊዜ ምትኩ አነስ ብሎ አብሮ ይወጣል። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሦስታችንም ቆመን ነበር፤ የተናገረ አልነበረም። ሲያልቅ አሮጌው ልባስ ስምንት እግር፣ ስምንት የዓይን ቦታ፣ ጠጕሩም ሳይጐድል ባዶውን ከጎኗ ቀረ፤ እርሷም ከቀድሞዋ አንድ እጅ ከፍ ብላ፣ ክራንቾቿ እንደ ሩዝ ነጭ ሆነው፣ አሁንም ተንጋልላ ቀረች። ክራንቾቹ ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቍር እስኪለወጡ ድረስ የሚወጋ ነገር የላትምና፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ከውሃ በቀር ምንም አይሰጣትም።

ልጄ ያን አሮጌ ልባስ በአራተኛው ቀን፣ ጫጩቲቱ ራሷ ወደ ደጇ ገፍታ ካወጣችው በኋላ፣ በወረንጦ አንሥታ በእማሆይ መዳፍ ላይ አኖረችው። ወንድ ይሁን ሴት በዚህ ቆዳ ላይ በማጕሊያ እንደሚለይ፣ ለዚያ ግን ገና ጥቂት ጊዜ እንደሚቀራት ነገረቻቸው። እማሆይ ክብደቱን ሊሰሙ ፈልገው መዳፋቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉት። «ምንም የለውም» አሉ በቀስታ፤ ከዚያም እንዳይበርባቸው በሌላው እጃቸው ጋርደው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት። ልጄ እርሳሷን አንሥታ በኩባያው ክዳን ላይ፣ ካለፉት ሁለት የልባስ ቅየራ ቀኖች በታች፣ ሦስተኛውን ቀን ጻፈች።